ቫይረስ ወይስ ጥገኛ ትል? ከቶማስ ዌለር የምርምር ሕይወት የሚገኝ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የማይክሮባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ አሜሪካዊው ቶማስ ሃክል ዌለር የፖሊዮን ቫይረስ በብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ የኖቤል ሽልማት መካፈሉን ካወቁ በኋላ ስሙን በጥገኛ ትሎች፣ ማለትም በቢልሃርዚያና በትሪኪኔላ፣ ጥናቶች ላይም በማግኘታቸው ግራ ተጋብተዋል። «አንድ ሰው ቫይሮሎጂንም ፓራሲቶሎጂንም በአንድ ዕድሜ እንዴት ሊይዝ ቻለ? አማካሪዬ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብለውኛል። ሁለቱን ይዞ መጓዝ ዛሬም ይቻላል ወይስ የዚያ ዘመን ነገር ነው?» ይላሉ።

ግራ ያጋባዎት ዌለር ሳይሆን እኛ በትምህርት ክፍሎቻችን መካከል ያቆምነው አጥር ይመስለኛል። የቫይረስ ተመራማሪና የፓራሳይት ተመራማሪ በተለያየ ፎቅ ስለሚሠሩ፣ በተለያየ መጽሔት ስለሚያሳትሙና በተለያየ ጉባኤ ስለሚገናኙ፣ ሥራቸው ሁለት የተራራቀ ሙያ መስሎ ይታየናል። የዌለርን ሥራዎች በቅደም ተከተል ለሚያነብ ሰው ግን ከተማሪነቱ ጀምሮ እስከ እርጅናው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ሲመላለስ ይታያል፦ በሌላ ሕያው አካል ውስጥ ካልሆነ መኖር የማይችለውን ፍጡር ከዚያ አካል አውጥቶ፣ ሳይሞት፣ በመስታወት ውስጥ እያዩት ማቆየት እንዴት ይቻላል? በዚህ ጥያቄ ፊት ትሉም ቫይረሱም እኩል ናቸው። ለእርስዎ ምርጫ የሚጠቅመውም ከዚህ ስለሚወጣ፣ ታሪኩን ረዘም አድርጌ እንድተርከው ይፍቀዱልኝ።

ዌለር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1915 በሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በተባለች ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሐኪም ነበሩ። ልጁን ግን መጀመሪያ የሳበው የሰው በሽታ ሳይሆን የተፈጥሮ ጥናት ነበር፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲማር ምርምር የጀመረው በዓሣ ጥገኛ ትሎች ላይ ነው። በ1936 ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባም ዝንባሌውን ይዞት ገባ፤ በንጽጽር ፓቶሎጂና በሐሩር ክልል ሕክምና ክፍል ውስጥ በፓራሳይቶች ላይ መሥራት ቀጠለ። በ1938 ደግሞ ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኘው ድጋፍ በቴነሲ የኅብረተሰብ ጤናን፣ በፍሎሪዳ ወባን አጠና። እስከዚህ ያለውን ብቻ ያነበበ ሰው፣ ይህ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ የትልና የወባ ሰው ሆኖ ይቀራል ብሎ ቢወራረድ አይፈረድበትም።

መታጠፊያው የመጣው በ1939 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ጆን ኤንደርስ ዌለርን በላብራቶሪው ተቀበለው። ኤንደርስ ቫይረስን በኅብረ ሕዋስ ካልቸር ስለማሳደግ የሚያስብ፣ የማይቸኩልና ጥንቁቅ ተመራማሪ ነበር። በጊዜው የኅብረ ሕዋስ ካልቸር የሚባለው ነገር በአብዛኛው የተከተፈ ሥጋን በፈሳሽ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ከማቆየት ያለፈ አልነበረም፤ ሕዋሱ ቶሎ ይደክማል፣ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ቫይረሱም ከሕዋሱ ጋር አብሮ ያልቃል። ኤንደርስ፣ ዌለርና ፌለር የተባለው ባልደረባቸው በ1940 ባሳተሙት ሥራ ተንከባላይ ቱቦ በተባለው ዘዴ ተጠቀሙ። ሕዋሱ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቱቦው ጋደም ብሎ በዝግታ ይሽከረከራል፤ ሕዋሱም አንድ ጊዜ በምግባዊው ፈሳሽ፣ አንድ ጊዜ በአየር ይዳሰሳል። በዚህ መንገድ የዶሮ ጽንስ ሕዋሳትና ለፈንጣጣ ክትባት ያገለግል የነበረው የቫክሲኒያ ቫይረስ ለረጅም ጊዜ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች በፍጥነት ወደ ፖሊዮ ይሻገራሉ፤ እኔ ግን ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ዌለር ከቫይረሱ ሥራ በኋላ ያንኑ ተንከባላይ ቱቦ አንሥቶ የትሪኪኔላ ስፓይራሊስ እጮችን አስገባበት፤ ውጤቱም በ1943 ታተመ። ትሪኪኔላ በደንብ ካልበሰለ ሥጋ፣ በተለይም ከዐሣማ ሥጋ፣ ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ሲሆን እጩ በጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ካለ ፍጡር ጋር የሚሠራ ሰው እንደ ባክቴሪያ ተመራማሪ ማታ ዘርቶ ጠዋት አያጭድም። ፈሳሹን ይለውጣል፣ ቱቦውን ይጠብቃል፣ በየቀኑ ያያል፣ ይመዘግባል፤ ዋናው ሥራ አሳዳሪውን ሕዋስም እንግዳውንም ሳይረብሹ አካባቢያቸውን ንጹሕና ምቹ አድርጎ ማቆየት ነው። ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ስለመጣው የፖሊዮ ስኬት ሳነብ ይህ የትል ጠባቂ ትዕግሥት በእጁ ላይ እንደቀረ ይሰማኛል። ይህ ንባብ የእኔ መሆኑን ግን ልብ ይበሉልኝ፤ እሱ በዚህ ቃል አልተናገረውም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ዌለር ወደ ሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ገባና ወደ ፖርቶ ሪኮ ተላከ። በዚያ በነበረው የአንቲልስ የሕክምና ላብራቶሪ የባክቴሪያ፣ የቫይረስና የፓራሳይት ሥራዎችን በኃላፊነት ይመራ ነበር። የዛሬው ተማሪ ይህን የሥራ መደብ ቢያይ ይስቅ ይሆናል፤ ሦስት ሙያ ለአንድ ሰው! ነገር ግን በጦር ሠራዊት ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና ሲመጣ «እኔ ቫይረስ ነኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አይመጣም። ትኩሳት ያለበት ወታደር ወባ ይሁን፣ የሳንባ ምች ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ ማወቅ ያለበት ያው አንዱ ላብራቶሪ ነው። ደሴቲቱ ላይ ሺስቶሶማ ማንሶኒ፣ ማለትም የአንጀት ቢልሃርዚያ፣ በሰፊው ይገኝ ነበርና ዌለር በዚህ በሽታ ላይ ያለው ፍላጎት ሥር የሰደደው እዚያ ነው። በሰገራ ውስጥ ያሉትን ጥቂት እንቁላሎች አጣርቶ ለማግኘት የሚያስችል የተሻሻለ የምርመራ ዘዴም ከአንድ ባልደረባው ጋር አዘጋጅቷል። ይህ በኖቤል ንግግሮች የማይነሣ ትንሽ ሥራ ነው፤ ቢልሃርዚያን በማይክሮስኮፕ የፈለገ ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል።

ከጦርነቱ በኋላ ኤንደርስ በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል አዲስ የተላላፊ በሽታዎች የምርምር ክፍል አቋቋመ፤ ዌለር በ1947፣ ፍሬድሪክ ሮቢንስ ደግሞ በተከታዩ ዓመት ተቀላቀሉት። ሦስቱ ቦታ ሲይዙ ስለ ፖሊዮ ቫይረስ የነበረው እምነት አንድና ጥብቅ ነበር። ሴቢንና ኦሊትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1936 ቫይረሱን ከሰው ጽንስ በተወሰደ የነርቭ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ አሳድገውት፣ በሌሎች ኅብረ ሕዋሳት ግን አልበቅል ብሏቸው ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ቫይረሱ ከነርቭ ሕዋስ ውጭ አይራባም ተብሎ ተደመደመ። ችግሩ የተጠቀሙበት የቫይረስ ዝርያ ከዝንጀሮ ወደ ዝንጀሮ በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ለነርቭ ብቻ የተገራ መሆኑ ነበር። ሙከራው ትክክል ሆኖ መደምደሚያው ሊሳሳት እንደሚችል ለተማሪዎቼ ማሳየት ስፈልግ ሁልጊዜ የማነሣው ይህን ነው። ከነርቭ ኅብረ ሕዋስ የሚሠራ ክትባት አንጎልን ሊያቆስል ስለሚችል፣ ያ መደምደሚያ የክትባትን መንገድ ለአሥር ዓመት ያህል ዘግቶት ቆየ።

ዌለር በዚያን ጊዜ ስለ ፖሊዮ አላሰበም፤ ይፈልግ የነበረው የጉድፍን ቫይረስ ነው። ቀደም ብሎ የጆሮ ደግፍን ቫይረስ ከዶሮ ጽንስ ሽፋን በተገኙ ሕዋሳት ካልቸር ውስጥ ማሳደግ ችሎ ነበር፤ በዚህም ሥራ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ለውጥ አድርጓል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰዎች በየጥቂት ቀናቱ ኅብረ ሕዋሱን ከነፈሳሹ ወደ አዲስ ካልቸር ያሸጋግሩ ነበር፤ ዌለር ግን ኅብረ ሕዋሱን እዚያው ትቶ ፈሳሹን ብቻ ለወጠ። በዚህ መንገድ ያው ሕዋስ ለሳምንታት ቆየ፤ በዝግታ የሚራባ ቫይረስም ጊዜ አገኘ። እነዚያ ዓመታት ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን በእጅ የገቡበት ጊዜ ስለነበሩ ባክቴሪያን መከላከልም ቀለለ። በ1948 የጸደይ ወራት ከሰው ጽንስ የተወሰደ የቆዳና የጡንቻ ኅብረ ሕዋስ በብልቃጦች አዘጋጅቶ፣ በከፊሎቹ ከጉድፍ ሕመምተኛ ጉሮሮ የተወሰደ ፈሳሽ ጨመረ። ጥቂት ብልቃጦች ተረፉ። በላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ላንሲንግ የተባለው የፖሊዮ ዝርያ ነበር፤ በኤንደርስ ሐሳብ የተረፉት ብልቃጦች በእሱ ተዘሩ።

ላንሲንግ የተመረጠው በአጋጣሚ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ይህ ዝርያ ቀደም ሲል ከአይጥ ጋር እንዲላመድ ስለተደረገ፣ ቫይረሱ መኖሩን ለማረጋገጥ ውድ የሆነ ዝንጀሮ አያስፈልግም ነበር። ከብልቃጡ የተወሰደው ፈሳሽ በአይጦች አንጎል ሲወጋ አይጦቹ ሽባ ሆኑ። ፈሳሹ ደጋግሞ ከመለወጡ የተነሣ፣ መጀመሪያ የተጨመረው ቫይረስ ባይራባ ኖሮ፣ በስሌት ምንም ሊቀር በማይችልበት ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላም ሽባነቱ ቀጠለ፤ ስለዚህ ቫይረሱ ነርቭ በሌለበት ኅብረ ሕዋስ ውስጥ እየተራባ ነበር። ሮቢንስ የሕፃናትን ተቅማጥ ለማጥናት ያዘጋጀው የአንጀት ካልቸር ስለነበረው በእሱም ተሞከረ፤ በዚያም በቀለ። በሕመምተኞች ሰገራ ውስጥ ቫይረሱ በብዛት ለምን እንደሚገኝ ሲያነጋግር ለቆየው ጥያቄ ይህ መልስ ሰጠ። የጉድፉ ብልቃጥስ? ከዚያ ምንም አልተገኘም።

ጽሑፉ በ1949 ጥር ወር ወጣ፤ በጣም አጭር ነበር። በክትባት ታሪክ ውስጥ ግን ከዚያ ያላነሰ ክብደት ያለው ሥራ ቀጥሎ መጣ፤ ለፓራሲቶሎጂ ዓይን የሚቀርበውም እሱ ነው። ሦስቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በቫይረሱ የተጠቁት ሕዋሳት ሲጨማደዱና ሲፈራርሱ አዩ። ከዚያም ቀደም ብሎ የፈሳሹ ቀለም ይነግራቸው ነበር፤ ጤነኛ ሕዋስ እየሠራ አሲድ ስለሚያመነጭ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቀይ ማቅለሚያ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ የተጠቃው ሕዋስ ሥራ ስለሚያቆም ግን ቀለሙ ብዙ አይቀየርም። በዚህ መንገድ እንስሳ ሳይወጋ ቫይረሱ መኖሩን በዓይን ማወቅ ተቻለ። ፀረ እንግዳ አካል ያለበት የደም ውሃ ሲጨመር ጥፋቱ ስለሚቆም የቫይረሱን ዓይነት መለየትም ተቻለ። አንድ ዝንጀሮ ይሠራው የነበረውን አንድ የመስታወት ቱቦ ሠራው ማለት ነው። የሶልክ የፖሊዮ ክትባት ውጤታማነት በ1955 ይፋ ሲሆን ከበስተጀርባው የነበረው ይህ ዕውቀት ነበር፤ ቫይረሱ ለክትባቱ የተመረተውም ከዝንጀሮ ኩላሊት በተገኙ ሕዋሳት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እምብርት እንግባ። የኖቤል ሽልማት ለኤንደርስ፣ ለዌለርና ለሮቢንስ በ1954 ተሰጠ። ዌለር በዚያው ዓመት፣ ሽልማቱ ከመታወቁ በፊት፣ በሃርቫርድ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት የሐሩር ክልል ኅብረተሰብ ጤና ክፍል ኃላፊና ፕሮፌሰር ሆኖ ተሹሞ ነበር፤ ይህንንም ክፍል እስከ 1981 ድረስ መርቶታል። በተጨማሪም ከ1953 እስከ 1959 ለአሜሪካ የጦር ኃይሎች በፓራሳይት በሽታዎች ላይ የሚሠራ ኮሚሽን ዳይሬክተር ነበር። ስለዚህ ዓለም «የቫይረስ ሰው» ብሎ ባጨበጨበለት ሰዓት እሱ ቢሮውን የከፈተው በትልና በወባ ክፍል ውስጥ ነው። ከፖሊዮ በኋላ የመጡት ሦስት የቫይረስ ሥራዎቹም ከዚህ ክፍል ወይም ከዚህ ልምድ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው ያ ያመለጠው ጉድፍ ነው። ዌለር አልተወውም፤ በ1953 ከጉድፍ ውሃ ቋጠሮዎችና አልማዝ ባለጭራ ከምንለው የቆዳ ሕመም ቋጠሮዎች የወሰዳቸውን ናሙናዎች በሰው ሕዋስ ካልቸር ማሳደጉን አሳወቀ። የቀድሞው ሙከራ የከሸፈበት አንዱ ምሥጢርም ተገለጠ፦ ይህ ቫይረስ በካልቸር ውስጥ ከሕዋሱ አይለይም፤ ፈሳሹን ብቻ ወደ ሌላ ቱቦ ቢያሻግሩት ምንም አይተላለፍም፤ የተጠቃውን ሕዋስ ራሱን ማሻገር ያስፈልጋል። ፈሳሹን ብቻ መለወጥ ለፖሊዮ ቁልፍ ሆኖ ሳለ ለጉድፍ መሰናክል ሆነ ማለት ነው። የሁለቱ ሕመሞች ናሙናዎች በካልቸርና በደም ውሃ ምርመራ አንድ ሆነው መገኘታቸው ደግሞ ሐኪሞች ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የጠረጠሩትን፣ ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ የአንድ ቫይረስ ሁለት መልኮች ናቸው የሚለውን ሐሳብ አጸናው።

ሁለተኛው ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ለዌለር ክፍል የአንድ ጨቅላ ሕፃን የጉበት ናሙና ደረሰው። ሕፃኑ ጉበቱና ጣፊያው ያበጠ፣ የዓይኑ የውስጥ ሽፋን የቆሰለ፣ በአንጎሉም ውስጥ የካልሲየም ክምችት የታየበት ነበር። እነዚህ ምልክቶች ተሰብስበው ሲታዩ ፓራሲቶሎጂ ያጠና ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ከእናት ወደ ጽንስ የሚተላለፈውን ቶክሶፕላዝማ የተባለ ፓራሳይት ነው፤ ዌለርም ያንን ፍለጋ ናሙናውን በሰው ሕዋስ ካልቸር ላይ ጨመረ። ቶክሶፕላዝማ አልታየም። ከቀናት በኋላ ግን እዚህም እዚያም ያበጡ፣ በኒውክለሳቸው ውስጥ ትልቅ ባዕድ ክምችት የያዙ ሕዋሳት ታዩ። ያገኘው ቀድሞ «የምራቅ ዕጢ ቫይረስ» ይባል የነበረውን ነው። በዚያው ዘመን ማርጋሬት ስሚዝና ዋላስ ሮው በየበኩላቸው ያንኑ የሰው ቫይረስ ለይተው ነበር፤ ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚለውን ስም በ1960 ያቀረበው ግን የዌለር ቡድን ነው። ዛሬ ይህ ቫይረስ ከእናት ወደ ጽንስ ተላልፈው የመስማት ችግር ከሚያስከትሉ ምክንያቶች ዋነኛው እንደሆነ እናውቃለን። ፓራሳይት ፍለጋ ወጥቶ ቫይረስ ይዞ የተመለሰ ሰው ሁለቱን ባያውቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት «ቶክሶፕላዝማ የለም» ብሎ ጽፎ ቱቦውን ይደፋው ነበር።

ሦስተኛው ሩቤላ፣ የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው ሕመም፣ ነው። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ በ1941 እናቶች በእርግዝና በሩቤላ ሲታመሙ ልጆቻቸው ከዓይን ሞራ ጋር እንደሚወለዱ ካመለከተ በኋላ ይህ ቀላል የሚመስል ሕመም አስፈሪ ሆኖ ነበር፤ ቫይረሱ ግን ለሃያ ዓመት በካልቸር አልያዝ አለ። በ1960 የዌለር የአሥር ዓመት ልጅ ሩቤላ ሲይዘው አባት የልጁን ሽንት ወስዶ በሰው የእንሽርት ሽፋን ሕዋሳት ላይ ጨመረ። ጥፋቱ በጣም በዝግታ የሚታይ፣ ቸኩሎ ለሚያይ ዓይን የማይገለጥ ነበር። ዌለርና ፍራንክሊን ኔቫ ውጤቱን በ1962 ሲያሳትሙ በዎልተር ሪድ የሠራዊት ተቋም የነበረ ሌላ ቡድንም በተለየ ዘዴ ያንኑ አሳተመ። በ1964ና 1965 በአሜሪካ በተነሣው ወረርሽኝ ሃያ ሺህ ያህል ሕፃናት ከሩቤላ ጉዳት ጋር ተወለዱ፤ ክትባቱ የጸደቀው በ1969 ነው። ስለ ኔቫ አንድ ነገር ልጨምር፦ እሱም እንደ ዌለር ከሁለቱም ወገን ነበር፤ ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የፓራሳይት በሽታዎችን ላብራቶሪ መርቷል። ስለዚህ ዌለር ብቸኛ እንግዳ ፍጡር አልነበረም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስኬት ስለሆነ ሌላውን ወገን ካልነገርኩዎት አሳስቼዎታለሁ። ቫይረሶቹ እጅ የሰጡትን ያህል ትሎቹ አልሰጡም። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው ሰርካሪያ የተባለ እጭ ሆኖ ወጥቶ የሰው ቆዳ ይበሳል፤ ከዚያም ወንድና ሴት ሆነው በደም ሥር ውስጥ ተጣብቀው ለዓመታት ይኖራሉ። ይህን ሁሉ በብልቃጥ ውስጥ መድገም ማለት ውሃን፣ ቀንድ አውጣንና የሰውን ደም ሥር አንድ ላይ መድገም ነው። ዌለር በ1982፣ ክፍሉን መምራት ካቆመ በኋላ፣ ከጎልማሳ የሺስቶሶማ ማንሶኒ ትሎች የተወሰዱ ሕዋሳትን በካልቸር ስለማቆየት ጽፏል፤ በተማሪነቱ የጀመረው ጥያቄ በስድሳዎቹ ዕድሜው ውስጥ እንኳ አልለቀቀውም ማለት ነው። ነገር ግን ለፖሊዮ እንደሆነው ያለ በር አልተከፈተለትም። ለወባ ያ በር የተከፈተው በሌሎች እጅ ነው፤ ዊልያም ትሬገርና ጄምስ ጄንሰን በ1976 ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምን በሰው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለማቋረጥ ማሳደግ ቻሉ። ዘዴያቸውን ሲያዩት ያው የድሮው ብልሃት ነው፦ ፈሳሹን መለወጥ፣ አዲስ የደም ሕዋስ መጨመር፣ የአየሩን ኦክስጅን ዝቅ ማድረግ፤ ለዚህም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሻማ እየነደደ ኦክስጅኑን እንዲቀንስ አደረጉ።

«የዚያ ዘመን ነገር ነው ወይ?» ላሉት፣ በከፊል አዎ ነው። በ1940ዎቹ አንድ ሰው የቫይሮሎጂን ጽሑፎች በሙሉ ሊያነብ ይችል ነበር፤ ዛሬ አንድ ቫይረስን ብቻ የሚመለከቱትን እንኳ ማንም አይጨርሳቸውም። ዛሬ በሁለቱም መስክ እኩል ሊቅ ልሁን ማለት በሁለቱም መካከለኛ ሆኖ የመቅረት አደጋ አለው፤ አማካሪዎም የሚፈሩት ይህን ይመስለኛል፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መስኮች የሚገናኙበት ቦታ ከዌለር ዘመን ይልቅ ዛሬ ሰፍቷል። በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ሊሽማንያ ጉያነንሲስ፣ የቆዳ ቁስል የሚያመጣው የቁንጭር ዘመድ፣ በራሱ ሕዋስ ውስጥ የአር ኤን ኤ ቫይረስ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል፤ በ2011 የወጣ ጥናት ቫይረሱን የተሸከመው ፓራሳይት በአይጦች ላይ የከፋ ሕመም እንደሚያስከትል አሳይቷል፤ ምክንያቱም የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን አይቶ የሚያስነሣው ብግነት ፓራሳይቱን ሳይሆን አሳዳሪውን ይጎዳል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ፓራሳይት ትሪኮሞናስ ቫጂናሊስም የራሱ ቫይረሶች አሉት፤ በመድኃኒት ሲሞት ቫይረሶቹ ተለቅቀው ብግነት ሊያባብሱ ይችላሉ። በሌላ ወገን፣ በ1964 የተገኘው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ እያለ የበርኪት ሊምፎማ የተባለው የሕፃናት ካንሰር በብዛት የሚታየው ወባ በጸናበት አካባቢ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቫይረስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሽ መልስ አለው፤ ፓራሳይት ብቻ የሚያውቀውም እንዲሁ።

ለእርስዎ የምመክረው እንግዲህ ይህን ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ አንዱን ይምረጡ፤ አማካሪዎ በዚህ ልክ ናቸው። ዌለርም በየጊዜው በእጁ የያዘው አንድ ቱቦ ነበር። ስትመርጡ ግን፣ እርስዎና አማካሪዎ ማለቴ ነው፣ በፍጡሩ ስም ሳይሆን በሚያስተምረው የእጅ ሙያ ምረጡ። የሰገራ እንቁላል ቆጠራ ብቻ ያለበት ሥራ፣ ወይም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የምርመራ ኪት ያለፈ ነገር የማይነካበት የቫይረስ ሥራ፣ ዲግሪውን ያስገኝልዎታል እንጂ ወደ ሌላው መስክ የሚያሻግር ድልድይ አይሰጥዎትም። ሕዋስ ማሳደግን የሚያስተምር ላብራቶሪ ካገኙ ግን ድልድዩ ተገኘ ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጥዎት። ከሰው ቆዳ የሚገኙ ፋይብሮብላስት ሕዋሳት ሳይቶሜጋሎቫይረስንም ቶክሶፕላዝማንም ያሳድጋሉ፤ በብዙ ላብራቶሪዎች ሁለቱም የሚያድጉት በዚሁ የሕዋስ ዓይነት ነው። ቶክሶፕላዝማ በጥቂት ቀናት ሕዋሱን አፈራርሶ ይወጣል፤ ከሕመምተኛ የተወሰደ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ግን ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ሳምንታት ወስዶ ነው ራሱን የሚያሳየው። ሁለቱም ጽንስን ስለሚጎዱ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ከመጀመሩ በፊት የላብራቶሪውን ደኅንነት ኃላፊ ማማከር አለበት። በዩኒቨርሲቲዎ ወይም በአቅራቢያው ይህን ሕዋስ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ አማካሪዎን ይዘው ይሂዱና ለሦስት ወር ሕዋሱን ብቻ፣ ምንም ሳይዘሩበት፣ እንዲጠብቁ እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ። ከሦስት ወር በኋላ የትኛውን እንደሚዘሩበት ቢጠይቁኝ የምሰጥዎ መልስ ዛሬ ከምሰጥዎ የተሻለ ይሆናል።